መፈልፈያው በሚሠራበት ወር ላኩልን

በፎገራ የሩዝ መፈልፈያ መጠገን ከአባት የሚወረስ ሙያ አይደለም። ሸማኔውና ቀጥቃጩ አባቱ አጠገብ ተቀምጦ ይማራል። ሩዝ ግን ወደዚህ ሜዳ የመጣው በደርግ ዘመን፣ ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር ነው፤ ኤክስ ጅግና የምንለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከጅግና ቀበሌ ነው። መፈልፈያው ደግሞ ከዚያም በኋላ ተከተለ። ስለዚህ ለእኛ ሙያ የዘር ሐረጉ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በትብብር ሥልጠና የሚላክልን ልጅ ነው።

ደንቡ መልካም ነው፤ ከጀርመኖች አሠራር ብዙ ወስዷል። ሠልጣኙ ከጊዜው 70 በመቶውን በድርጅት፣ 30 በመቶውን በኮሌጅ እንዲማር ያዛል። ግን 70 በመቶውን ሻይ ሲያመላልስና ግቢ ሲጠርግ የሚያሳልፍ ልጅ አለ። ይህ ልጁን መበደል ነው።

እኔ መጀመሪያ የማሳየው ቺንጋውን ነው። ጋቢም ሆነ ሻርፕ ለብሶ አጠገቡ የሚቆም የለም፤ የቺንጋው መከለያ ሳይገጠም ሞተር አይነሳም። ቀጥሎ ቢላዋው ይመጣል። ቢላዋው ወደሚሽከረከረው ብረት አለቅጥ ከተጠጋ ሩዙ ይሰባበራል፣ ከራቀ ቅርፊቱን ሳይለቅ ይወጣል። ክፍተቱን የሚወስነው የዕለቱ ሩዝ ነው። እርጥበቱ 14 በመቶ ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው፤ መለኪያ በሌለበት ግን ሠልጣኙ ፍሬውን በጥርሱ ይሞክራል። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፣ ከተላመጠ ወደ ፀሐይ ይመለሳል። ከዚያ የወጣውን ሩዝ በመዳፉ ዘርግቶ ሙሉውንና ስባሪውን እንዲለይ አደርጋለሁ። ስባሪው ከጤፍ ጋር ተፈጭቶ እንጀራ ይሆናል እንጂ አይጣልም፤ ዋጋው ግን ዝቅ ይላል፣ ልዩነቱም ከገበሬው ኪስ ይወጣል።

ወንፊትና ቢላዋ ቶሎ ሲያልቁ አዲስ ሠልጣኝ ብረቱን ያማል። ጥፋቱ የብረቱ አይደለም። የሩዝ ቅርፊት ከፍሬው ክብደት አንድ አምስተኛ ያህሉ ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ሲሊካ ብረትን እንደ ሊማ ይሞርዳል። ይህን በመጽሐፍ ያነበበ ልጅ አለ፤ ያለቀ ወንፊት በጣቱ ዳስሶ አዲሱን ራሱ የገጠመ ግን ሁለተኛ አይረሳውም። ኩሽኔታውም እንዲሁ ነው፤ መጮህ ከመጀመሩ በፊት መሞቁን በእጅ ማወቅ የሚቻለው ማሽኑ ሲሠራ ውሎ ብቻ ነው።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሩዙ የሚታጨደው ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ነው፣ መፈልፈያዎቻችን የሚጨናነቁት ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። በክረምት የተላከ ሠልጣኝ የቆመ ማሽን ያገኛል። ፈትቶ መግጠም ይለማመዳል፣ የሚፈለፍል ማሽን መስማት ግን አይማርም። የብቃት ምዘናውን አልፎ ደረጃውን ይዞ ቢወጣም የመጀመሪያው ኩንታል ሩዝ ፊቱ ሲመጣ ይደነግጣል።

ኮሌጆች ሆይ፣ የሥልጠናውን ወር ከአጨዳው ጋር አስማሙ፤ አሠልጣኙም መፈልፈያው ድረስ መጥቶ የልጁን መዝገብ ከእኛ ጋር ይፈርም። የመፈልፈያ ባለቤቶች ወንድሞቼም የልጁን ምሳና የትራንስፖርት ወጪ ቻሉለት፤ ቁልፉንም አስይዙት።