ምክንያት የተነፈገው ሰው፦ ፕራን እና የሂንዲ ሲኒማ እኩይ ገጸ ባሕርይ

ስለ ህንዳዊው ተዋናይ ፕራን የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የንስሐ ታሪክ ይመስላል። ለሃያ ዓመታት ያህል በቦምቤይ ፊልሞች ውስጥ ሴት ሲያሳድድ፣ ርስት ሲቀማና ሴራ ሲጎነጉን የኖረ ሰው በ1967 (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) «ኡፕካር» በተባለው ፊልም በክራንች የሚሄድ ደግ መንደርተኛ ሆኖ ቀረበ፤ ተመልካቹም ይቅር አለው ይባላል። ታሪኩ ደስ ይላል፤ የሚያስረዳው ግን ጥቂት ነው። ተዋናዩ ለምን ያን ያህል ዘመን እንደተጠላ፣ ለምንስ በዚያ ወቅት እንደተወደደ ለመረዳት ጸሐፍተ ፊልሙ ለእሱ የሰጡትንና የነፈጉትን መመርመር ያስፈልጋል። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ በጥንታዊው የሂንዲ ሲኒማ ጀግናውም ይሰርቃል፣ ይዋሻል፣ ይደባደባል፤ ነገር ግን ለጥፋቱ ምክንያት ይሰጠዋል። ፕራን ለረጅም ዘመን የተነፈገው ይህንኑ ምክንያት ነበር። የትወና ስልቱ የተቀረጸው በዚህ ንፍገት ውስጥ ነው፤ የኋላ ዘመን ተወዳጅነቱም የመጣው ምክንያቱ በተሰጠው ጊዜ ነው።

ከላሆር እስከ ቦምቤይ

ፕራን ክሪሻን ሲካንድ በ1920 በዴሊ ተወለደ። በወጣትነቱ የተማረው ሙያ ፎቶግራፍ ማንሳት ነበር። ወደ ፊልም የገባው ያኔ የሰሜን ህንድ የፊልም ማዕከል በነበረችው በላሆር ሲሆን፣ የመጀመሪያ ሥራው በ1940 የወጣው «ያምላ ጃት» የተባለ የፑንጃቢ ፊልም ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ «ካንዳን» በተሰኘው ፊልም ከዘፋኟና ተዋናይቷ ኑር ጀሃን ጋር የፍቅር ጀግና ሆኖ ሠራ፤ ፊልሙም ተወደደለት። ሆኖም ዛፍ እየዞሩ መዝፈን እንደማይሆንለት እሱ ራሱ ይናገር ነበር። የጀግናን ቦታ አጥቶት ሳይሆን አግኝቶት ጠባብ የሆነበት ሰው መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

የ1947ቱ የህንድና የፓኪስታን መከፈል የላሆር ሕይወቱን ቆረጠው። ስም ያፈራባትን ከተማ ትቶ ቦምቤይ ሲደርስ ሥራ አልነበረውም፤ ወራት በችግር አለፉ። በደራሲው ሳዳት ሀሰን ማንቶና በተዋናዩ ሽያም አማካይነት በ1948 «ዚዲ» ላይ ዕድል አገኘ። የፊልሙ ጀግና ዴቭ አናንድ ነበር። ከዚያ በኋላ ፕራን በሦስቱ የዘመኑ ታላላቅ ጀግኖች፣ በዲሊፕ ኩማር፣ በራጅ ካፑርና በዴቭ አናንድ ፊት የሚቆም ባላንጣ ሆነ።

የጀግናው መብት

ነፃነቷን ገና ያገኘችው ህንድ ከፊልም ጀግናዋ የምትጠብቀው ብዙ ነበር፦ ድሀ ቢሆንም ንጹሕ፣ ቢሳሳትም የሚጸጸት፣ ቢያፈቅርም የሚታገሥ። በ1951 የወጣው የራጅ ካፑር «አዋራ» ጀግናውን ሌባ አድርጎ ያቀርባል፤ ነገር ግን ገና በልጅነቱ ለተራበች እናቱ ዳቦ ሲሰርቅ እንድናየው ያደርጋል። ከዚያ በኋላ የሚሠራው ጥፋት ሁሉ በዚያ ዳቦ በኩል ይታያል። በዚሁ ፊልም ኬ. ኤን. ሲንግ የሚጫወተው ወንጀለኛ እንኳ በግፍ የተፈረደበት ሰው በመሆኑ የበቀል ምክንያት አለው።

ፕራን በ1950ዎቹ ከተጫወታቸው ገጸ ባሕርያት ይህን ዕድል ያገኙት ጥቂት ናቸው። በ1958 ቢማል ሮይ ባዘጋጀው «ማዱማቲ» ላይ የተጫወተውን ባለርስት ኡግራ ናራይንን እንውሰድ። ናራይን የጫካውን አገር እንዳሻው ይገዛል፤ ወጣቷን ማዱማቲን አታልሎ ወደ ቤተ መንግሥቱ ያስመጣታል፤ እሷም ከእጁ ለማምለጥ ስትል ከሰገነት ወድቃ ትሞታለች። ፊልሙ ዳግም መወለድን የሚያህል ረቂቅ ነገር ለፍቅረኞቹ ፈቅዶላቸዋል፤ ሁለት ሕይወት ሰጥቷቸዋል። ለናራይን ግን አንድ የልጅነት ትዝታ እንኳ አልተረፈለትም። ክፉ የሆነው ባለርስት ስለሆነ ነው፤ ባለርስት የሆነው ደግሞ ታሪኩ ባለርስት ስለሚያስፈልገው ነው። በዚያ አሥር ዓመት የህንድ ክፍላተ ሀገራት የባለርስቶችን ሥርዓት የሚሽሩ ሕጎች እያወጡ ስለነበር ተመልካቹም ተጨማሪ ማብራሪያ አልጠየቀም።

የውጫዊው ገጽታ ጥበብ

ያለፈ ሕይወት ያልተሰጠው ተዋናይ ገጸ ባሕርይውን በምን ይሞላዋል? የፕራን መልስ አካሉ ነበር። ሰው ሠራሽ ጸጉር፣ ጢም፣ አረማመድ፣ የዓይን አጣጣል፣ የድምፅ ልክ፤ ለእያንዳንዱ ሚና የተለየ ምልክት ያበጅ ነበር። በ1949 «ባሪ ቤሄን» ላይ የሲጋራ ጭስ በቀለበት በቀለበት እያደረገ ሲለቅ ታየ፤ ይህም መታወቂያው ሆነ። ፎቶግራፍ የተማረ ሰው መሆኑ እዚህ ላይ ይታያል። ካሜራ ምን እንደሚይዝና ምን እንደሚያመልጠው ያውቃል፤ አንድ ትንሽ እንቅስቃሴ መርጦ እሷኑ ይደጋግማል።

ከሁሉም የላቀው ማሳያ በ1960 የተሠራው «ጂስ ዴሽ ሜን ጋንጋ ቤህቲ ሄ» ነው። ፕራን ራካ የተባለ ሽፍታ ሆኖ ይጫወታል። ራካ በየአጋጣሚው ጣቱን በአንገትጌው ውስጥ ያዞራል፣ የሚያንቀው ነገር ያለ ይመስል። የሽፍታ መጨረሻው ገመድ መሆኑን ራካ አንድም ቀን በቃል አይናገርም፤ አንገቱ ግን አይረሳውም። ምልክቱን ያመጣው ፕራን ራሱ እንደሆነ ይነገራል። ጸሐፊው ያልሰጠውን ውስጣዊ ሕይወት ተዋናዩ በአንዲት ጣት አስገባው ማለት ነው። ፍርሃት ያለበት ክፋት ደግሞ ተራ ክፋት አይደለም፤ ተመልካቹ ራካን እየጠላውም ቢሆን የሚያስበውን ያውቃል።

ይህ ጥበብ ለማስፈራራት ብቻ የተፈጠረ አለመሆኑን «ሃፍ ቲኬት» (1962) ያሳያል። ፕራን ከኪሾር ኩማር ጋር በሚጫወትበት በዚህ አስቂኝ ፊልም ላይ የሴት ልብስ ከለበሰው ጀግና ጋር ይጨፍራል፤ ኪሾር የወንዱንም የሴቷንም ድምፅ ዘፍኗል፣ ፕራን የወንዱን በከንፈሩ ይከተላል። ያው ዓይን፣ ያው ፈገግታ፣ ያው የተጋነነ እንቅስቃሴ ነው፤ እዚህ ግን ያስቃል።

ቋንቋውን የማያውቅ ተመልካች

የሂንዲ ፊልም በአዲስ አበባም ሆነ በክፍለ ሀገር ሲኒማ ቤቶች ለረጅም ዘመን ታማኝ ተመልካች ነበረው፤ ከዚያ ተመልካች አብዛኛው ሂንዲ አይሰማም ነበር። እንዲህ ላለ ተመልካች የፕራን ዓይነት ትወና በቀጥታ ይደርሳል፤ ንግግሩ ቢያልፈውም የዓይኑ አጣጣል አያልፈውም። በተጨማሪም ከ1975ቱ የመሬት አዋጅ በፊት ባላባትና ጭሰኛን በዓይኑ እያየ ላደገ ሰው ኡግራ ናራይን እንግዳ አልነበረም። «አክተሩ አይሞትም» የሚለው የእኛ ተመልካች እምነትም የዚሁ ሥርዓት ሌላ ገጽ ነው፤ ሞትና ውርደት የሚመደቡት ለሌላኛው ሰው መሆኑን ተመልካቹ ገና ትኬት ሲቆርጥ ያውቃል።

1967 እና የንስሐው ትርክት

የተለመደው ትርክት የመዞሪያ ነጥብ የሚያደርገው የማኖጅ ኩማርን «ኡፕካር» ነው። ፕራን የተጫወተው ማላንግ ቻቻ ክራንች ይዞ ይሄዳል፣ መራራ እውነት ይናገራል፣ የሰው ልጅ ቃል ኪዳን ከንቱ መሆኑን የሚገልጽ ዘፈንም ተሰጥቶታል። ሆኖም በዚያው ዓመት በወጣው «ራም ኦር ሽያም» ላይ ይኸው ተዋናይ የዋሁን የሚስቱን ወንድም በጅራፍ የሚገርፍ ስግብግብ ጋጄንድራ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቱንም በእኩል ብቃት የሠራን ሰው «ተለወጠ» ማለት አይቻልም።

ከዚያም ወደ ኋላ ሄደን በ1960 የወጣውን «ቻሊያ» ብናይ ትርክቱ ይበልጥ ይላላል። በማንሞሃን ዴሳይ በተዘጋጀው በዚህ የአገር መከፈል ታሪክ ፕራን አብዱል ራህማን የተባለ ፓሽቱን ነው። ላሆር የቀረችን አንዲት የሂንዱ ሴት አስጠግቶ ዓመታት ያኖራታል፣ ክብሯንም አይነካም፤ የእሱ እህት ህንድ ውስጥ ቀርታለችና አንድ ሰው ለእሷም እንዲሁ እንዲያደርግላት ይመኛል። ራህማን ቁጡና አስፈሪ ሰው ነው፤ አካሉም ድምፁም ከሌሎቹ የፕራን ሚናዎች ብዙም አይለይም። የሚለየው አንድ ነገር ነው፤ የጠፋች እህት አለችው። ምክንያት ሲሰጠው ያው አስፈሪነት ወደ ክብር ይለወጣል።

ንዴቱ ሲሻገር

በ1973 የወጣው «ዛንጂር» ይህን የሥራ ክፍፍል አናወጠው። ሳሊምና ጃቬድ የጻፉት፣ ፕራካሽ መህራ ያዘጋጀው ይህ ፊልም ወላጆቹ ሲገደሉ ያየ የፖሊስ መኮንን ይዞ መጣ። ሚናውን የሠራው ያኔ ብዙም ስኬት ያልነበረው አሚታብ ባችቻን ሲሆን፣ እሱን ለአዘጋጁ ከጠቆሙት አንዱ ፕራን ነው ይባላል። ፕራን በቀይ ጢም ሼር ካን ሆኖ ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ ሊቀመጥ ሲል መኮንኑ ወንበሩን በእርግጫ ይጥለዋል። ድርጊቱ በ1950ዎቹ ቢሆን የፕራን ነበር። አሁን ግን ንዴቱም ማስፈራራቱም የጀግናው ሆነዋል። ሁለቱ ተደባድበው ወዳጅ ሲሆኑ ለእኩይነት የሚቀረው ቦታ ለተዋናዩ አጂት ይተላለፋል።

ከዚህ በኋላ የፕራን ሚናዎች ቀድሞ ለጀግናው ብቻ የሚፈቀደውን ያገኛሉ። «አማር አክባር አንቶኒ» (1977) ላይ የአለቃውን ወንጀል በራሱ ላይ ወስዶ የታሰረ፣ ቤተሰቡ የተራበበት አባት ነው። «ዶን» (1978) ላይ ለታመመች ሚስቱ ሲል ካዝና የሰበረ ሰው ነው። ሁለቱም ሕግ ጥሰዋል፤ ለሁለቱም እናዝንላቸዋለን። የ«አዋራ» ዳቦ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ፕራን እጅ ደረሰ ማለት ነው።

የሽልማት ሥርዓቱም የንስሐውን ትርክት አጽንቶታል። ከፊልምፌር ያገኛቸው ሦስት የምርጥ ደጋፊ ተዋናይ ሽልማቶች ከ«ኡፕካር» ጀምሮ የመጡ ናቸው። ሦስተኛውን፣ በ«ቤ-ኢማን» (1972) ያገኘውን፣ የሙዚቃው ሽልማት ለ«ፓኪዛ» ሟች አቀናባሪ ለጉላም ሞሃመድ ይገባ ነበር በማለት አልቀበልም አለ። ለእኩይ ሚና የተለየ የፊልምፌር ሽልማት የተጀመረው በ1992 ነው፤ በጣም የፈጠረባቸው ዓመታት ያለ ሽልማት አልፈዋል። የህንድ ከፍተኛው የፊልም ክብር፣ የዳዳሳሄብ ፋልኬ ሽልማት፣ የደረሰው በ2013 ከሞተበት ሐምሌ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነው።

እንግዲህ የፕራን ዘመን ለፊልም ሐያሲ የሚተወው ትምህርት ስለ አንድ ሰው ደግነት አይደለም። «እኩዩ አሳማኝ ነበር ወይ?» የሚለው የተለመደው ጥያቄ ኃላፊነቱን ሁሉ ተዋናዩ ላይ ይጥላል። ከዚያ በፊት ጽሑፉ ምክንያትን ለማን እንደሰጠና ከማን እንደነፈገ መጠየቅ ይገባል፤ ይህ ክፍፍል አንድ ማኅበረሰብ በአንድ ዘመን ማንን ለመረዳት ፈቃደኛ እንደነበረ ይናገራል። ጥያቄው በእኛው የአማርኛ ፊልሞች ውስጥ ላሉት ከሀዲ ጓደኛ፣ ሀብታም አማትና ደላላም ይሠራል። ፕራን የተለየ የሚሆነው የተነፈገውን ሳይጠብቅ በጣቱና በዓይኑ በመተካቱ ነው፤ የቀሩት ግን የሚፈረድባቸው ባልተጻፈላቸው ሕይወት ነው።