ቅጠሉና ክኩ እኩል ሲደርሱ

እራት የሚሠሩልኝ እናት፣ እትዬ የምላቸው፣ ጎመን የሚቀረድዱት ያለ መክተፊያ ነው። ሰባት ስምንት ቅጠል ይደራርባሉ፤ በቁመቱ ጠበቅ አድርገው ይጠቀልሉታል፤ ጥቅሉን በግራ እጃቸው ጨብጠው ቢላውን ወደ አውራ ጣታቸው ይስባሉ። ስለቱ ጣታቸውን ሊነካ የፀጉር ያህል ሲቀረው ይቆማል፤ ይመለሳል፤ እንደገና ይመጣል። ጉልበታቸው ላይ ባለው ሰፌድ የሚወርደው ጎመን ክር ይመስላል። አንዱን አንስቼ ከክብሪት እንጨት ጋር አስተያየሁት። ክብሪቱ ይወፍራል።

«እትዬ፣ ይህን ያህል ማድቀቁ ለዓይን እንዲያምር ነው?»

«በማታ ማን ሊያየው ልጄ? ክኩ ሲደርስ ቅጠሉ ወደ ኋላ እንዳይቀር ነው እንጂ» አሉኝ፤ እጃቸው ግን አላቆመም።

ሸዋ ሮቢት ነው ያለነው፤ ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ። ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢ ደርቦ የተነሳ ሰው፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝቶ፣ ቁልቁለቱን ሲጨርስ ጋቢውንም ሹራቡንም አውልቆ ነው ይፋት ቆላ የሚገባው። ፀሐይዋ ከምዕራብ ተራሮች ጀርባ ብትወርድም ሙቀቱ ከመሬቱ አልወጣም። ስለዚህ የከሰል ምድጃው ደጅ ነው፤ እትዬም መግሪብ ሰግደው በርጩማቸውን ይዘው ወደ ደጅ ወጥተዋል። የሚሠራው እራት ጎመን በማሽላ ቂንጬ ነው፤ እትዬ ክክ ያሉትም የተሰነጠቀውን ማሽላ ነው። ሰዓቴን አይቼ ነበርና፣ ከሰሉ ከተያያዘበት እስከ ቀረበበት 35 ደቂቃ ፈጀ።

ከተማ ውስጥ ፈጣን እራት ስንል ብዙ ጊዜ የምናስበው ከሱቅ በፌስታል የሚመጣውን ነው፤ ፓስታ፣ መኮሮኒ፣ ሌላ ሰው ሌላ ቦታ የደከመበትን። የእትዬ እራት የፈጠነበት ምክንያት ሌላ ነው። እሳቱ ዘንድ ሲደርስ አብዛኛው ሥራ አልቋል። የተሠራውም ጠዋት፣ በሙቀጫና በሰፌድ ነው።

ከሰፌዱ ልጀምር፤ እኔን ከሁሉ በላይ የያዘኝ እርሱ ነውና። ሰፌዱ ላይ ከመውጣቱ በፊት ማሽላው ውሃ ይረጭበታል፤ እፍኝ የማይሞላ ውሃ፣ ልብስ ሊተኩሱ ሲሉ እንደሚያርከፈክፉት ያህል። ያ ውሃ ቅርፊቱን ብቻ ያርሰዋል፤ ውስጡ ግን እንደ ደረቀ ይቆያል። ከዚያ በሙቀጫ ይፈተጋል። ዘነዘናው ከፍ ብሎ አይወርድም፤ ቶሎ ቶሎ፣ ዝቅ እያለ ነው የሚመታው። የራሰው ቅርፊት ከደረቀው ፍሬ እየተላጠ ይለቃል፤ ፍሬው ግን አይደቅም። ውሃው ከበዛ ፍሬውም ይለሰልስና ይቦካል፤ ካነሰ ቅርፊቱ ከፍሬው ጋር አብሮ ይሰበራል። እትዬ ውሃውን በማንኪያ አይለኩም። እጃቸውን ማሽላው ውስጥ ይከታሉ፤ ያወጡታል፤ መዳፋቸው ላይ የተጣበቀውን ፍሬ ያያሉ። ጥቂት ፍሬ ብቻ ተጣብቆ ሌላው ከረገፈ በቃው ማለት ነው።

የተፈተገው ተበጥሮ፣ በድንጋይ ወፍጮ ሰበር ሰበር ተደርጎ፣ እንደገና ወደ ሰፌዱ ይመለሳል። አሁን ነው ማንገዋለሉ። ሰፌዱ በሁለት እጅ ተይዞ ክብ ይዞራል፤ የሚያዞረው ክንዳቸው አይደለም፣ የእጅ አንጓቸው ነው። ትከሻቸውን ሳየው የተቀመጠ ሰው ትከሻ ነው፤ ንቅንቅ አይልም። ሁለት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ እህሉ ራሱን ይለያል። ደቃቁ ከታች ይቀራል፤ ትልልቁ ክክ ወደ መሀል ተሰብስቦ ከላይ ይወጣል። ትልቁን በመዳፋቸው ዘግነው ወደ ወፍጮው ይመልሱታል። ዱቄቱ ለነገ ሊጥ ይቀመጣል። ሰፌዱ ላይ የሚቀረው መካከለኛው ነው፤ ከሰሊጥ ፍሬ ተለቅ ያለ፣ ሁሉም ባንድ ልክ የተሰነጠቀ።

ያ አንድ ልክ መሆኑ ነው ቂንጬን ቂንጬ የሚያደርገው። ደቃቅና ትልቅ የተደባለቀበት ድስት ውስጥ ደቃቁ ገንፎ ሲሆን ትልቁ ጥርስ ውስጥ ይንቋቋል። ብዙ ቤት የቀረበልኝ ቂንጬ እንዲህ ያለ ነበር፤ ስሕተቱንም ሁልጊዜ ከውሃው ወይም ከእሳቱ እፈልገው ነበር። ለካስ እሳት ሳይነድ በፊት ሰፌድ ላይ ያለቀ ጉዳይ ኖሯል።

ስለ ማሽላው አንድ ነገር ካልተናገርሁ ደስ አይለኝም። ማሽላ በብዙ ደገኛ ዘንድ የጤፍ ምትክ ተደርጎ ነው የሚታሰበው፤ ጤፍ ሲወደድ የሚቀላቀል። የቆላው ገበሬ ግን እንዲህ አያየውም። ከይፋት አልፎ የወሎ ገበሬዎች ለማሽላ ዝርያዎቻቸው ካወጧቸው ስሞች ሁለቱ ወተት በጉንጬ እና ማርጩቄ ናቸው። የቀመሰ ሰው ብቻ የሚያወጣው ስም ነው። እነዚህን ዝርያዎች ለእሸት ጥብስ ብለው በሌላው ማሽላ መሀል ይዘሯቸው ነበር። በ1973 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ ማሽላዎችን ሲመረምሩ፣ ላይሲን የተባለውንና በእህል ውስጥ የሚያንሰውን የፕሮቲን ክፍል አብዝተው የያዙ ሁለት ማሽላዎች አገኙ፤ ሁለቱም የኢትዮጵያ ነበሩ። በዚያው ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ደግሞ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት በማሽላ ነው፤ አቀንጭራ የተባለውን የማሽላ ጠላት የሚቋቋሙ ዝርያዎች በማውጣታቸው። እትዬ ሰፌዳቸው ላይ የሚያንገዋልሉት እህል እንግዲህ ይህን ያህል የተደከመለት ነው።

ጎመኑም ቢሆን ተራ ቅጠል አይደለም። ሐበሻ ጎመን የምንለው፣ ሳይንሱ ብራሲካ ካሪናታ የሚለው፣ በጥንት ጊዜ ከጥቁር ሰናፍጭና ከጥቅል ጎመን ወገን ተዳቅሎ የተገኘ ተክል ነው። ይህን ዝምድና ጃፓን ውስጥ የሠራው የዕፅዋት ተመራማሪ ናጋሃሩ ዩ በ1935 እ.ኤ.አ. ገልጾታል። እትዬ ሲቀረድዱት አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ያለ ወረቀትም ይደርስበታል፤ ቢላው በገባ ቁጥር ስስ የሰናፍጭ ሽታ አፍንጫ ይነካልና። ዘሩ ደግሞ ያው ምጣድ የምናስስበት ጎመን ዘር ነው። ከአንድ ተክል ቅጠሉ ድስት፣ ፍሬው ምጣድ ይገባል።

አሁን ወደ እሳቱ።

ክኩ ከቀትር በኋላ ጀምሮ ተዘፍዝፏል። ሽንኩርቱ፣ ከሮቢ ወንዝ መስኖ የሚመጣው ያ ወይን ጠጅ የመሰለ ቀይ ሽንኩርት፣ ያለ ዘይት ድስት ውስጥ ይገባና በራሱ ውሃ ይቁላላል። ለጎመን የሚሆን ቁሌት እንደ ዶሮ ወጥ ቁሌት አይጠቁርም። ማማሰያው ድስቱ ሥር ሲያልፍ የሚያሰማው ድምፅ ሲሳሳ፣ ሽንኩርቱም ብርሃን የሚያሳልፍ ሲመስል፣ ያኔ ዘይቱ ይገባል። የቅቤ ቅል ከጓዳ በሩ አጠገብ ተሰቅሎ አይቼዋለሁና ስለምን በዘይት እንደሚሠሩ ጠየቅኋቸው።

«ዛሬ ረቡዕ አይደል?» አሉኝ። መግሪብ ሰግደው ከተነሱ ሰው አፍ ይህን መስማቴ ግራ ቢገባኝም ዝም አልሁ።

ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ተከተለ፤ ከዚያ የተዘፈዘፈው ክክ ከነሙቅ ውሃው። ውሃው ክኩን በአንድ ጣት ከፍታ ይበልጠዋል። ድስቱ ተከደነ፤ ከሰሉ ሁለት ፍም ተቀነሰለት። አሥራ አምስት ደቂቃ ገደማ ሲሆን እትዬ ክዳኑን ከፍተው በማማሰያው ጫፍ ጥቂት ክክ አወጡ፤ አንዷን ፍሬ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሀል ደፈጠጧት። ወደ መብራቱ አስጠግተው አሳዩኝ። መሀሏ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጭ ነጥብ አለች፤ ዙሪያዋ ግን ብርሃን ያሳልፋል። ነጥቧ ገና ያልበሰለው ልቧ ነው። «ይህቺ እስክትጠፋ አልጠብቅም» አሉ። «ይህቺ እያለች ነው ጎመኑ የሚገባው። አብረው ይጨርሳሉ።»

ክብሪት እንጨት ያስናቀው ቅጥነት አሁን ገባኝ። ቅጠሉ እንደ ብዙዎቻችን ጎመን በሁለት ጣት ስፋት ተቆርጦ ቢሆን፣ ከክኩ ልብ ጋር እኩል ለመድረስ ቀድሞ መግባት ነበረበት፤ ቀድሞ ቢገባ ደግሞ ይጠቁራል። የነጥቧ ዕድሜና የቅጠሉ ስፋት አንዱ ለአንዱ የተሰፋ ነው። አንዲት ሴት ቢላ ስትይዝ የድስቱን መጨረሻ ደቂቃ አስባ ነው የምትይዘው።

ጎመኑ ከላይ ተነሰነሰ እንጂ አልተማሰለም። ክዳኑም ወዲያው አልተመለሰም፤ «ይተንፍስ» ተባለ። ከቅጠሉ ውስጥ ሙቀት ሲነካው የሚወጣ አሲድ አለ፤ ክዳን ሥር ታፍኖ ከቀረ አረንጓዴውን ወደ ወይራ መልክ ይለውጠዋል፤ ክፍት ሆኖ ከቆየ ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። እትዬ ይህን በአሲድ አይናገሩትም። ትንፋሽ ይሉታል፤ ደቂቃውን ግን አይስቱትም። ቅጠሉ ተኮማትሮ ብሩህ አረንጓዴ ሲሆን፣ ያኔ ከሥር ወደ ላይ አንድ ጊዜ ገለበጡት፤ ጨውና የተሰነጠቀ ቃሪያ ጨምረው ከደኑት።

አዲስ አበባ ስመለስ ይህንኑ እራት በዚሁ ልክ ሠርቼ አልሆነልኝም። ጎመኑ ሲደርስ የክኩ ነጥብ አልጠፋም ነበር። ሰፌዴን ጠረጠርሁ፤ ቢላዬን ጠረጠርሁ። በኋላ ነው የተረዳሁት። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,280 ሜትር ላይ ናት፤ ውሃ እዚያ የሚፈላው ወደ 96 ዲግሪ ገደማ ነው። አዲስ አበባ ላይ 92 አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ 90 ዲግሪን ብዙም አያልፍም። ደጋ ላይ ድስቱ ቢንተከተክም ሙቀቱ ያነሰ ነው፤ በዚህ የበለጠ የሚጎዳው ደግሞ ከቅጠሉ ይልቅ እህሉ ነው። የእትዬ ልክ የቆላ ልክ ነው፤ ለራሳቸው ሰፈር ውሃ የተቆረጠ። ደጋ ላይ የሚሠራ ሰው ክኩን ቢያንስ ሩብ ሰዓት ያስቀድምለት፤ እኔ እንዲህ አድርጌ ነው የተስተካከለልኝ።

ቅጠልና እህል ባንድ ድስት የይፋት ብቻ አይደለም። ኮንሶና ደራሼ የሽፈራው ቅጠልን ከማሽላ ወይም ከበቆሎ ሊጥ ድቡልቡል ጋር አብረው ቀቅለው ኩርኩፋ ይሠራሉ፤ እዚያ እህሉ ተቦክቶ ነው የሚገባው፤ ስለዚህ ሙያው ድቡልቡሉ ሳይፈርስ መብሰሉ ላይ ነው። ይፋትም በዚህ አዲስ አይደለችም። በ14ኛው መቶ ዘመን ካይሮ ላይ የጻፈው አል ኡመሪ ስለ ይፋት ሱልጣኔት ሲያወሳ ሠራዊቱን ብቻ አልቆጠረም፤ የአገሩን እህልና አትክልት፣ ጫቱንም ጭምር ጽፏል።

ወደ እትዬ ድስት ልመለስ። ክዳኑ ሲነሳ ማማሰያ የነካው ክክ እርስ በርሱ አልተጣበቀም፤ ፍሬ ፍሬው ይታያል። ጎመኑ በመሀል በመሀሉ እንደ ጥለት ገብቷል፤ አረንጓዴነቱም አለ። ስቀምሰው መጀመሪያ የማሽላው ጣፋጭነት መጣ፤ ከዚያ ጎመኑ፤ ወደ መጨረሻው ያቺ ስስ የሰናፍጭ ማቃጠል። ጥርስ የሚፈልገው ነገር አለው፤ ጥርስ የሚያታግለው ግን የለውም። ጎመን ጠቁሮ፣ ዘይት ላይ ተንሳፍፎ፣ ከበየዓይነቱ ጥግ ላይ ማንም ሳይነካው የሚመለስበትን ብዙ ምግብ ቤት አውቃለሁ፤ ያንን እያየ ላደገ ሰው ይህ ሳህን ሌላ ቅጠል የቀረበበት ይመስለዋል።

እትዬ ለእኔ ከማቅረባቸው በፊት ግን አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሞልተው፣ በሌላ ሳህን ከድነው፣ የልጅ ልጃቸውን ጠርተው ነበር። «ለእማማ አድርሺ። ትኩሱን ይብሉ፤ ጾማቸውን ነው የዋሉት በያቸው።» ልጅቷ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ወደ ጎረቤት ሄደች። ዘይቱ አሁን ገባኝ። እዚህ አገር ሥጋው በባራኪው ይለያያል፤ ጎመኑ ግን በሁለቱም ቤት ይበላል፤ ቅቤ እስካልገባበት ድረስ ረቡዕም ዓርብም አጥር ይሻገራል።

እየበላን ሳለ ሳህኑ ተመለሰ። ታጥቧል፤ ውስጡም ሦስት ሎሚ አለ። እትዬ አንዱን ለሁለት ሰንጥቀው ግማሹን በእኔ ሳህን ላይ ጨመቁልኝ።