«ማራባት» ወይስ «መቅዳት»?

በቅርቡ የቀረበልን አንድ ረቂቅ ትርጉም የባቄላ ዋግን ምርምር «የዋግን ዘር በእርሾ ማራባት» ሲል ገልጾታል። ይህን የሰማ የጋይንት ቤተ ልሔም ገበሬ ተመራማሪዎች በሽታውን ሊያበዙበት የተነሡ ይመስለዋል። ቢሰጋም አይፈረድበትም፤ ጥፋቱ የተርጓሚው ነውና።

ሥራው ሌላ ነው። ዋግ ከሕያው ተክል ውጭ እንደ ልብ ስለማያድግ፥ በጀርመን የኮንስታንዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስኳር ለመሳብ የሚያስችለውን አንድ ዘረመል ብቻ ቀድተው፥ ስኳር መሳብ ወደተሳነው እርሾ አስገቡት፤ እርሾውም ግሉኮስና ፍሩክቶስ ሳበ። ውጤቱ በ1993 ዓ.ም. ታተመ። ዋጉ ግን በእርሾው ውስጥ አልበቀለም።

ስለዚህ «ዘር» ለዘረመል አይሆንም፤ ገበሬው የሚዘራው ነውና። «ማራባት»ም ፍጥረቱ በሙሉ እንደበዛ ያሰማል። «መቅዳት» ይሻላል። የድጓ ምስክር በሚሰጥባት በዚያችው በቤተ ልሔም፥ ከድጓ አንድ ገጽ የቀዳ ተማሪ ድጓውን ጻፈ አይባልም። ውሃም ጠላም ይቀዳል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ ዐውዱ ይለየዋል። ይልቅስ የሚያስቸግረን «እርሾ» ነው፦ በቤት ከቀድሞው ሊጥ ተርፎ አዲሱን የሚያቦካው ሲሆን፥ በቤተ ሙከራ ግን ባለ አንድ ሕዋስ ፈንገስ፥ የዋግም የሩቅ ዘመድ ነው። መጀመሪያ በተጠቀሰበት ቦታ «የእርሾ ፈንገስ» ተብሎ ቢጻፍ እንመርጣለን።