ስም ያልተጻፈበት ደብዳቤ

የሕንድ ፊልም ሲነሳ ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ዘፈኑ፣ ጭፈራውና እንባው ነው። ተቺዎቻችንም ቢሆኑ ከዚያ ብዙ አይርቁም፤ «ለቅሶ ይበዛበታል፣ ርዝመቱ ያታክታል፣ መጨረሻው ከመጀመሪያው ይታወቃል» ብለው ያልፉታል። እኔ በዚህ ጽሑፍ የማነሳው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በሕንድ ፊልሞች ውስጥ እየተመላለሰ የሚመጣ፣ በእኛም ተመልካች ዘንድ ከዘፈኑ ባላነሰ የተወደደ አንድ ታሪክ አለ። ሁለት ወንዶች የልብ ጓደኛሞች ናቸው፤ ሁለቱም አንዲት ሴት ይወድዳሉ፤ አንደኛው ስለ ጓደኝነቱ ሲል ፍቅሩን ውጦ ዝም ይላል። እኛም ለዝምታው አልቅሰን፣ አጨብጭበን፣ «ጓደኛ ማለት እንዲህ ነው» ብለን ወደ ቤታችን እንሄዳለን። የዝምታውን ዋጋ የከፈለው ማን እንደሆነ ግን የጠየቅን አይመስለኝም።

የዚህ ዓይነቱ ታሪክ ዋና ምሳሌ «ሳንጋም» ነው። ራጅ ካፑር እ.ኤ.አ. በ1964፣ በእኛ አቆጣጠር በ1956 ዓ.ም. አዘጋጅቶ፣ ገንዘቡን አውጥቶ፣ ራሱም ተውኖ ያቀረበው የመጀመሪያው ባለ ቀለም ፊልሙ ነው። ርዝመቱ ወደ አራት ሰዓት ይጠጋል። የሕንድ ሲኒማ ካሜራውን ይዞ ወደ አውሮፓ የመሄድ ልማድ ባልነበረው ዘመን ፓሪስን፣ ቬኒስንና ስዊዘርላንድን ለተመልካቹ አሳይቷል። ከራጅ ካፑር ጋር ራጀንድራ ኩማርና ቫይጃያንቲማላ ዋና ዋናዎቹን ሚናዎች ይዘዋል።

ታሪኩን ላላዩት በአጭሩ ላስታውስ። ሱንደር፣ ጎፓልና ራድሃ አብረው ያደጉ ናቸው። ሱንደር ራድሃን ከልጅነቱ ጀምሮ ይወድዳታል፤ አይደብቀውምም። ራድሃ የምትወድደው ግን ጎፓልን ነው። ጎፓልም ይወድዳታል፤ ነገር ግን የሱንደርን ልብ ስለሚያውቅ አፉን አይከፍትም። ሱንደር አየር ኃይል ገብቶ ወደ ካሽሚር ግዳጅ ሲሄድ ጎፓልን ቃል ያስገባዋል፤ በእሱና በራድሃ መካከል ማንም ወንድ እንዳይገባ ይጠብቅለት ዘንድ። ከዚያ ሱንደር ሞተ ተብሎ ይታመናል። ጎፓልና ራድሃ ይቀራረባሉ፤ ጎፓል ስሙን ያልጻፈበት የፍቅር ደብዳቤ ይጽፍላታል። ሞተ የተባለው ሱንደር በሕይወት ሲመለስ ጎፓል እንደገና ወደ ዝምታው ይገባል። ራድሃ ለሱንደር ትዳራለች። ውሎ አድሮ ሱንደር ያንን ፊርማ የሌለበትን ደብዳቤ ያገኛል፤ ትዳራቸውም ሲኦል ይሆናል። በመጨረሻ ጎፓል ጸሐፊው እሱ እንደሆነ አምኖ በጓደኛው ሽጉጥ ራሱን ያጠፋል።

ይህ ታሪክ ለእኛ እንግዳ አልሆነብንም። ምክንያቱም «አደራ» የሚባል ቃል አለን። ሱንደር ጎፓልን ቃል ሲያስገባው አንድ ኢትዮጵያዊ ተመልካች የሚሰማው ሂንዲ አይደለም፤ አደራ ነው። አደራ የበላ ሰው ደግሞ በእኛ ዘንድ ከሌባ ይብሳል። ስለዚህ ጎፓል ፍቅሩን ሲቀብር አደራውን እየጠበቀ እንደሆነ አድርገን እናየዋለን። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ይሳታል። አደራ የሚሰጠው ገንዘብ ነው፤ ከብት ነው፤ ቤት ነው፤ ገና ራሱን ያላወቀ ሕፃን ነው። ራድሃ ከእነዚህ አንዷም አይደለችም። አድጋለች፤ ልቧ ወዴት እንዳዘነበለም ታውቃለች። አደራው ሲሰጥም ሲጠበቅም እሷን የጠየቃት የለም።

ፊልሙ ይህን ከመጀመሪያው ነግሮናል፤ እኛ ስቀን አለፍነው እንጂ። ራድሃ ወንዝ ውስጥ ስትዋኝ ሱንደር ልብሷን ወስዶ ዛፍ ላይ ይወጣል። የንፋስ ከረጢት ያለው የስኮትላንዶች ዋሽንት እየነፋ፣ የሁለታችን ሳንጋም ይሆናል ወይስ አይሆንም እያለ በዘፈን ይነዘንዛታል። «ሳንጋም» የወንዞች መገናኛ ማለት ነው። ራድሃ እምቢ ብትልም አይተዋትም፤ ሲሰለቻት «ይሆናል» ትለዋለች። ዘፈኑ ደስ ይላል፤ ተመልካቹ ይፍለቀለቃል። ነገር ግን ሱንደር በሕይወቱ ሙሉ የተደገፈው በዚያች ቃል ላይ ነው፤ ያች ቃል ደግሞ ልብሷ በተወሰደባት ሴት አፍ የተነገረች ናት። ራጅ ካፑር የዋዛ አዘጋጅ አልነበረም። ይህን ትዕይንት እዚያ ቦታ ያስቀመጠው ለሳቅ ብቻ ነው ብዬ አላምንም።

የሕንድ ፊልም በአነስተኛ ከተሞቻችን እንዴት ይታይ እንደነበር ካልተነገረ ይህ ሁሉ ለምን እንዳመለጠን አይገባም። ኩየራ ከአዲስ አበባ ወደ ሻሸመኔ ሲጓዙ አርሲ ነገሌን ካለፉ በኋላ የምትገኝ፣ በአድቬንቲስቶች ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ስሟ የታወቀ ከተማ ናት። በ1990ዎቹ እኔ ፊልም ያየሁት እዚያ በቪዲዮ ቤት ነው። አግዳሚ ወንበሩን የሚሞላው ወንድ ነበር፤ ሴት ልጅ ቪዲዮ ቤት ታየች ከተባለ ሰፈሩ ያወራባታል። ሂንዲ የሚያውቅ የለም። ከሥር የሚጻፈው እንግሊዝኛም ሳይነበብ ያልፋል። ስለዚህ ፊልሙን ቀድሞ ያየ አንድ ጎረምሳ ድምፁን ከፍ አድርጎ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ያስረዳናል። ወንዶቹ ሲነጋገሩ ቃል በቃል ነበር የሚተረጉመው፤ ያልተባለውንም ይጨምርበታል። «ሚቹ» የሚለው የኦሮምኛ ቃል፣ ጓደኛ ማለት ነው፣ ከአፉ አይጠፋም ነበር። ሴቲቱ ረዥም ንግግር ስትናገር ግን «አሁን እያለቀሰች ነው» ብሎ ይዘጋዋል። እኛም አመንነው። ታሪኩን ያወቅነው ግማሹን ብቻ ነው ማለት ነው።

«ሳንጋም»ን ሙሉውን ያየሁት ከዚያ ብዙ ዘግይቼ፣ በሲዲ፣ እዚያው ኩየራ አክስቴ ቤት ነው። አክስቴ ለጎፓል አላለቀሰችም። ሽጉጡ ሲጮህ «ስሙን ቢጽፍበት ኖሮ ማንም አይሞትም ነበር» አለች። ስለዚህ ፊልም ካነበብሁትና ከሰማሁት ሁሉ ይህን ያህል ጉዳዩን የነካ ሂስ አላጋጠመኝም።

እስቲ ደብዳቤውን እንመልከተው። ጎፓል በፊልሙ ውስጥ ሥራው ዳኝነት ነው። ዳኛ ማስረጃ ይመረምራል፤ ምስክር ያስምላል። ይህ ዳኛ ግን በገዛ ቤቱ ጉዳይ ማስረጃ ደብቆ ይቀመጣል፤ በደበቀው ማስረጃም ሌላ ሰው ሲከሰስ ያያል። ተከሳሿ ራድሃ ናት። ሱንደር «ማነው የጻፈው?» እያለ ቀንና ሌሊት የሚያሠቃየው እሷን ነው። ስሙን ብትናገር ጓደኛሞቹን ታጣላለች፤ ባትናገር አታላይ ትባላለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጎፓል ጨዋ፣ ትዕግሥተኛ፣ መሥዋዕት ከፋይ ተብሎ ይከበራል።

በሥነ ጥበብ ረገድ የፊልሙ ትልቁ ትዕይንት የፒያኖው ይመስለኛል። ሱንደር ፒያኖ ፊት ተቀምጦ ስለ ከዳ ጓደኛና ስለ ከዳች ፍቅረኛ ያዜማል፤ ድምፁ የሙኬሽ፣ ግጥሙ የሻይሌንድራ ነው። ሱንደር ምሥጢሩን ገና አያውቅም። ጎፓልና ራድሃ ግን ያውቃሉ፤ ካሜራው ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ሲመላለስ ላብ የሚያጠምቃቸውን የምናየው እኛ ነን። በሕንድ ፊልም ዘፈን ታሪክ ያቋርጣል የሚሉ ሰዎች ይህን ትዕይንት ደግመው ይዩት። እዚህ ዘፈኑ ችሎት ሆኗል፤ ዳኛው ግን የተቀመጠው በተከሳሽ ወንበር ነው።

ከእኛው ታላቅ የፍቅር ታሪክ ጋር ሳስተያየው ልዩነቱ ይበልጥ ይታየኛል። «ፍቅር እስከ መቃብር» የወጣው በ1958 ዓ.ም.፣ ከ«ሳንጋም» ሁለት ዓመት በኋላ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በበዛብህና በሰብለ ወንጌል መካከል ያቆሙት ግንብ ከውጭ የመጣ ነው፤ የፊታውራሪ መሸሻ ዘር ቆጠራና የበዛብህ ወላጆች ስለት። ፍቅረኞቹ ግን እርስ በርሳቸው አልተደባበቁም። በ«ሳንጋም» ውስጥ እንዲህ ያለ ግንብ የለም። ለጎፓል ራድሃን የሚከለክለው ፊታውራሪ አልነበረም። ግንቡን የሠራው ራሱ ነው፤ ድንጋዩም ጓደኝነት ነው። መልካም ነገር ግንብ ሲሆን ደግሞ ከክፉው ይልቅ ለማፍረስ ይከብዳል፤ እጁን የሚያነሳበት አይገኝምና።

ይህ ስም አልባ ጽሑፍ በ«ሳንጋም» አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1991 ሎውረንስ ዲሱዛ ያዘጋጀው «ሳጃን» ወጣ። አማን (ሳንጃይ ዳት) እግሩ የማይታዘዝለት ወላጅ አልባ ልጅ ነው፤ ያሳደገው የጓደኛው የአካሽ (ሳልማን ካን) ቤተሰብ ነው። ሳጋር በሚል የብዕር ስም ግጥም ይጽፋል፤ ፑጃ (ማድሁሪ ዲክሲት) ፊቱን ሳታይ በግጥሞቹ ትወድደዋለች። አካሽም ፑጃን ሲወድድ አማን ውለታውን አስቦ «ሳጋር እኔ ነኝ በላት» ይለዋል። ኤድሞን ሮስታን እ.ኤ.አ. በ1897 ለፓሪስ መድረክ ያቀረበው ሲራኖ አፍንጫው ትልቅ በመሆኑ አፍሮ በሌላ ሰው ስም ፍቅሩን እንደተናገረ ሁሉ፣ አማንም በእግሩ አፍሮ ስሙን ያበድራል። መጨረሻው ደስ የሚል ነው፤ አካሽ እውነቱን ሲያውቅ ራሱን አግልሎ ሁለቱን ያገናኛል። ይሁንና እዚህም ፑጃን የሚሰጣትም የሚመልሳትም ወንድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ «ካል ሆ ና ሆ» መጣ፤ አዘጋጁ ኒኪል አድቫኒ ነው። ቦታው ኒውዮርክ ነው፤ ልብሱና ሙዚቃው ዘመናዊ ነው። ሻህ ሩክ ካን የሚተውነው ሰው የልብ በሽተኛ በመሆኑ የሚወድዳትን ናይናን ለጓደኛው ለሮሂት ይተዋታል። የጓደኛውን ማስታወሻ ደብተር ይዞ የፍቅር ቃል ያነብላታል፤ ደብተሩ ግን ባዶ ነው፤ የሚናገረው የራሱን ልብ ነው። ፊርማ የሌለበት ደብዳቤ፣ የብዕር ስም፣ ባዶ ደብተር፤ አርባ ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ ወረቀቱ ተለወጠ እንጂ ስሙ አልተጻፈበትም።

ከሦስቱ «ሳንጋም»ን አስበልጣለሁ። ሁለቱ ፊልሞች መደበቁን ጣፋጭ አድርገው ያልፉታል፤ «ሳንጋም» ግን ሒሳቡን አምጥቶ ፊታችን ላይ ያስቀምጠዋል። «የዚያን ዘመን ፊልም በዛሬ ሚዛን አትመዝን» የሚለኝ ይኖራል። ሚዛኑ ግን ከፊልሙ ውስጥ የወጣ ነው። በስዊዘርላንድ ጎፓል ሙሽሮቹ ዘንድ ሲመጣ «ከሕይወታችን ውጣ» ብላ የምትለምነው ራድሃ ናት። ካገባች በኋላ ትዳሯን አክብራ፣ ልቧን አሥራ ለመኖር የወሰነች እሷ ናት። ከሦስቱ ሰዎች ቁርጥ ያለ ነገር የተናገረችው እሷ ብቻ ናት። ሕንዶች ጋንጅስና ያሙና በሚገናኙበት ሥፍራ ሦስተኛ፣ በዓይን የማትታይ ሳራስዋቲ የተባለች ወንዝ አብራ እንደምትፈስ ያምናሉ። የፊልሙ ስም ከዚያ የመጣ ነው። ብዙ ሰው የማይታየው ወንዝ የጎፓል ፍቅር ነው ይላል። እኔ ደግሞ የራድሃ ፈቃድ ነው እላለሁ።

ጉዳዩ የፊልም ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባልጻፍሁ። እኛ አገር ጓደኛ ትልቅ ሥልጣን አለው። ደብዳቤ የሚያመላልሰው ጓደኛ ነው፤ ፊደሉ ካማረ የሚጽፈውም እሱ ነው። ሽማግሌ ሲላክ ነገሩን የሚያሰናዳው፣ በሠርጉ ሚዜ የሚሆነው፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚያስታርቀው ጓደኛ ነው። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ እንዲቀርም አልመኝም። ነገር ግን ሁለት ወንዶች ተዋድደው፣ ተከባብረው፣ ተዛዝነው የሚጨርሱት ጉዳይ ሦስተኛዋን ሰው ሳይሰማ ከተቋጨ መዋደዳቸው ለእሷ ምኗ ነው? የጓደኛን ፍቅር ያለ ሴት ስቃይ ማክበር እንደሚቻል ማሳየት የኛ ደራሲያንና የፊልም ሰዎች ሥራ ነው።

«ሳንጋም» ዛሬም በቀላሉ ይገኛል። አንባቢ ጊዜ ቢያገኝና ደግሞ ቢያየው ጎፓል ዝም ሲል ሳይሆን ራድሃ ስትናገር ድምፁን ከፍ ያድርግ። የሚተረጉም ሰው አብሮት ካለም «እያለቀሰች ነው» ብሎ እንዳያልፍበት አደራ ይበለው።