«ሳንኮፋ» - ያለ መሣሪያ ወደ ኋላ

ሳይንስ ሰውን ወደ ኋላ ዘመን የሚመልስ መሣሪያ እስካሁን አልሠራም። የጎንደሩ ተወላጅ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ግን በ1993 እ.ኤ.አ. በወጣው «ሳንኮፋ» ፊልማቸው ያለ መሣሪያ ይመልሱናል። ስሙ በጋናው አካን ቋንቋ «ተመልሰህ አምጣ» ማለት ነው።

ሞና የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት ሞዴል ፎቶ ልትነሣ ከሄደችበት የጋና የባሪያ ምሽግ ድንገት ወደ ባርነት ዘመን ትወሰዳለች። አፍሪካዊት አይደለሁም ብላ ብትጮኽም ሰሚ የላትም። በብዙ የጊዜ ጉዞ ታሪኮች ተጓዡ ያለፈውን ሊለውጥ ይታገላል፤ እዚህ ግን ያለፈው ተጓዧን ይለውጣታል። የፊልሙ ብርታት ይኸው ነው። ቅር የሚያሰኘው፣ ከተመለሰች በኋላ ስላለው ሕይወቷ ብዙም አለመናገሩ ነው።

በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል «እኔ አሜሪካዊ ነኝ» የሚሉ ልጆች የምናሳድግ ወላጆች፣ ልጆቹ ከፍ ሲሉ ፊልሙን አብረን አይተን እንወያይበት። የኋላውን ተመልሰን የምናመጣላቸው እኛ ካልሆንን ማን ሊያመጣላቸው ነው?