አውሮፕላኑን በማን አገር ስም እንመዝነው?

የምርትን ማኅበራዊ ዘላቂነት የምንገመግም ባለሙያዎች የለመድነው ስሌት አለ። አውሮፕላኑን ለመሥራት የፈጀውን የሥራ ሰዓት በየአገሩና በየዘርፉ እንከፋፍልና እያንዳንዱን ለአገሩ በተመዘገበው የስጋት ደረጃ እናባዛዋለን። የታወቁት የመረጃ ቋቶች የሚሠሩት በዚሁ መልክ ነው። የከፍተኛ ስጋት ምልክት የሆነው ቀዩ ቀለም እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች ላይ ያርፋል፤ ንድፉ የተሠራበትና ብቃቱ የተረጋገጠበት አገር ደግሞ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። ይህ ስሌት ለአውሮፕላን አይበጅም ባይ ነኝ፤ ጉዳቱ የደረሰበትን ቦታና ጉዳቱ የተወሰነበትን ቦታ አይለይምና።

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አስመራ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከመሬት ሲላቀቅ የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ገባ፤ ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ሞተር ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ወፍ እየተወረወረበት ይፈተናል፤ ፈተናው ግን በጣና ዳር ስንት ወፍ እንደሚያንዣብብ አይጠይቅም። እዚህ ላይ ቦታው ራሱ የምርቱ አካል ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ የወደቀው 737 ማክስ 8 ግን ተቃራኒው ነው። ኤምካስ የተባለው ሶፍትዌር በአንድ ሴንሰር ብቻ እየተመራ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች ይደፍቅ ነበር። ከአምስት ወር ባነሰ ጊዜ በፊት ያው ዓይነት አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ላይ ወድቆ 189 ሰዎች ሲያልቁ እንኳ ከበረራ አልታገደም፤ አብራሪዎችም ከዚያ አደጋ በፊት አሠራሩን የሚያስረዳ ነገር በመመሪያቸው አላገኙም። ቢሾፍቱ ላይ 157 ሰዎች አለቁ። ያ ሁሉ የተወሰነው በሰንጠረዣችን አረንጓዴ በሆነው አገር ነው።

«ይህ የበረራ ደኅንነት እንጂ የእናንተ ሥራ አይደለም» የሚሉን አሉ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2020 እ.ኤ.አ. ያሻሻለው መመሪያ ግን የተጠቃሚን ጤናና ደኅንነት፣ የአምራቹን ግልጽነትና የአካባቢውን ማኅበረሰብ ከሚመዘኑት ይቆጥራል። የሚከብደው ሌላው ሙግት ነው፦ አንድ አውሮፕላን በሺህ የሚቆጠሩ አቅራቢዎች አሉት፤ ሁሉንም መጎብኘት አይቻልም፤ ያለ አገር መረጃ ሥራው አይጀመርም። እውነት ነው፤ የአገር መረጃው ወንፊት ይሁን፣ ፍርድ ግን አይሁን። በረራ ከመንገድ ጉዞ ይልቅ አስተማማኝ መሆኑንም አልክድም፤ ባሕር ዳርና አዲስ አበባን በአንድ ሰዓት ግድም ማገናኘቱ ራሱ ትልቅ ማኅበራዊ ጥቅም ነው። ሆኖም አማካይ ቁጥር ለተሳፋሪው የሚበጀውን እንጂ አውሮፕላን በማሳው ላይ ለወደቀበት ገበሬ የሚደርሰውን አይናገርም።

ስለዚህ ከአምራቹ የምጠይቀው የታወቀውን ጉድለት ማን እንደወሰነበትና ለአብራሪው መቼ እንደተነገረው የሚያሳይ ሰነድ ነው። ከባሕር ዳር ደግሞ በአየር ማረፊያው ዙሪያ ያሉትን ወፎች መዝገብ፣ ወፎችን የሚስበው የከተማው ቆሻሻ የት እንደሚጣልና ወፎቹን የመከላከሉን ወጪ ማን እንደሚሸፍን።