ግሸን በኮልሪጅ ግጥም

እንግሊዛዊው ባለቅኔ ሳሙኤል ቴይለር ኮልሪጅ በ1816 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው «ኩብላ ካን»፣ በራእይ ያያት ሐበሻዊት ልጃገረድ የምትዘፍንለትን ተራራ «አቦራ» ይለዋል። በእጅ ጽሑፉ ላይ ግን «አማራ» ነበር። ይህ የአማራ ተራራ ደግሞ ሌላ ሳይሆን የኛው ግሸን ነው፤ እስከ ኢማም አህመድ ዘመን ድረስ ነገሥታቱ ዙፋን ይሻሙናል ያሏቸውን ዘመዶቻቸውን ያግዙበት የነበረው አምባ። ወሬው ባሕር ተሻግሮ እየተጋነነ፣ ሚልተን በ1667 አንዳንዶች ገነት ነው የሚሉት ተራራ ብሎ ጠቀሰው።

ታዲያ ቃሉ ለምን ተለወጠ? ለኔ እንደሚመስለኝ ጆሮው ነው ያስለወጠው። «አቢሲኒያ» እና «አቦራ» በአንድ ድምፅ ይነሳሉ፤ ልጅቱና ተራራዋ እንደ እኅትማማች ይጠራራሉ። ደግሞም «አማራ» ሲባል ሚልተን ተከትሎ ይመጣል፤ «አቦራ» ግን የማንም አይደለም። ምርጫው ለህልም ግጥም የተገባ ነው።

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ሚልተን የነገሥታቱ ልጆች በዘብ እንደሚጠበቁ አልደበቀም። ኮልሪጅ ዘንድ እስረኛው ጠፍቶ ዘፈኑ ብቻ ቀረ። ግሸን እኮ ዙሪያው ገደል የሆነ፣ መስቀል የሚመስል ብርዳም አምባ ነው! ልጅቱም ክራር ሳይሆን «ደልሲመር» የሚሉትን የባዕድ ባለ ክር መሣሪያ ትመታለች።

ይሁንና አንድ ነገር ሳያውቀው ገጠመለት። ያ ተራራ ያለው አምባሰል ነው፤ ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ በስሙ ይጠራል። ባለቅኔው የልጅቱ ዜማ ቢመለስልኝ ያንን ቤተ መንግሥት በአየር ላይ እሠራው ነበር ይላል። አምባሰልን በማሲንቆ የሰማ ሰው ይህን እንደ ማጋነን አይቆጥርበትም።